የ15 ዕቃ መስመር፦ ለአዲስ ካሸሮችና ለሚሰለፉት

በዋሺንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሱፐርማርኬቶች ሬጅስተር ላይ ቆመን የምንሠራ ሐበሾች ብዙ ነን። አዲስ የተቀጠረ ሰው ጥቂት ሰዓት ኮምፒዩተር ላይ ሥልጠና ያያል፣ አንድ ሁለት ሺፍት ከነባር ካሸር ጎን ይቆማል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ የሚመደበው ፈጣኑ መስመር፣ ማለትም ትንሽ ዕቃ ለያዙ ሰዎች ብቻ የተለየው መስመር ላይ ነው፤ «ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ይቀልሃል» ተብሎ። አይቀልም። ከመደብሩ መስመሮች ሁሉ እጅንም ጭንቅላትንም የሚያደክመው ይኸኛው ነው፤ ለምን እንደሆነ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግን የመጀመሪያውን ወር ሳያለቅስ ያልፈዋል።

ነገሩ ሒሳብ ነው። የለመደ እጅ አንድ ዕቃ ስካነሩ ላይ ለማሳለፍ 3 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ሰላምታው፣ የቅናሽ ካርዱ ወይም የስልክ ቁጥሩ፣ ክፍያው፣ ደረሰኙና ዕቃ ማንሳቱ ግን ዕቃው አንድም ሆነ ሃያ፣ ከ40 ሰከንድ እምብዛም አያንስም። 20 ዕቃ የያዘ አንድ ሰው በ100 ሰከንድ ግድም ይሸኛል። አምስት አምስት ዕቃ የያዙ ሦስት ሰዎች ግን 165 ሰከንድ ይፈጃሉ። ሙሉ ጋሪ የሚያስተናግደው ጓደኛችሁ በሰዓት ሃያ ሰው ሲሸኝ እናንተ ስልሳ ልትሸኙ ትችላላችሁ። ስልሳ ሰላምታ፣ ስልሳ ክፍያ፣ ስልሳ ጊዜ የመሳሳት ዕድል ማለት ነው። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ዓይኑን የሚተክለው የፊተኛው ጋሪ ውስጥ ባለው ዕቃ ላይ ነው፤ መስመሩን የሚያስረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የክፍያ ጣጣ ነው።

ቆጠራው ላይ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከላይ የተሰቀለው ቁጥር፣ 10 ይሁን 12 ወይም 15፣ ምን እንደ አንድ እንደሚቆጠር ስለማይናገር ነው። የሚሠራበት ልማድ እንዲህ ነው፦ አንድ ላይ የታሸገ ነገር አንድ ዕቃ ነው። የ12 ቆርቆሮ ለስላሳ ካርቶን፣ አንድ ከረጢት ፖም፣ አንድ ካርቶን እንቁላል እያንዳንዳቸው አንድ ናቸው። ስድስት ተመሳሳይ እርጎ በቁጥር ስድስት ቢሆንም ብዛቱን ተጭኖ አንዱን ብቻ ማሳለፍ ስለሚቻል ጊዜው የአንድ ዕቃ ነው፤ ጣዕማቸው ከተለያየ ግን ስድስቱም መነበብ አለባቸው። ባርኮድ የሌለው ልቅ አትክልት ደግሞ በቁጥር አንድ ይባል እንጂ መመዘንና ኮድ መጻፍ ስላለበት የሦስት ዕቃ ጊዜ ይወስዳል።

ከተሰቀለው ቁጥር በሁለት በሦስት ዕቃ ያለፈ ሰው ሲመጣ ዝም በሉ። በጣም ያበዛ ከሆነ መናገር የሚቻለው ዕቃው ቤልቱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ብቻ ነው፤ «ይህ የ15 ዕቃ መስመር ነው፤ 6 ቁጥር ላይ ቶሎ ያስተናግዱዎታል» ማለት ይበቃል፣ ቀጥሎም የሚሄድበትን መስመር በእጅ ማሳየት። ቤልቱ ላይ ከወጣ በኋላ መናገር ትርፍ የለውም። መልሶ ጋሪ ላይ ለመጫን የሚፈጀው ጊዜ ተመዝግቦ ከሚያልቅበት ይረዝማል፣ ሰውየውም በሰው ፊት ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቆጣል። የኋላው ተሰላፊ «ሃያ ሁለት ዕቃ ነው የያዘችው!» ብሎ ሲናገር በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆናችሁ አትግቡ። ወደ እሱ ቀና ብላችሁ «አሁን እደርስዎታለሁ» በሉና እጃችሁን አታቁሙ፤ ከዚህ በላይ ሥልጣን አልተሰጣችሁም። ማናጀሩ ደንቡ እንዲከበር ከፈለገ መጥቶ ራሱ ይናገር። የመጀመሪያውን ቀን ሳታልፉ «ቁጥሩን አስከብራለሁ ወይስ ያመጡትን እቀበላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ከመደብር መደብር ይለያያል።

የሚከብደው ያገር ሰው ሲመጣ ነው። እናቶቻችን አማርኛ የምትናገር ልጅ ያለችበትን መስመር አይተው ሙሉ ጋሪ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚመጡት ሌላኛው ካሸር የሚላቸውን ስለማይሰሙ ነው፣ ሕግ ለመጣስ ፈልገው አይደለም። «እማማ፣ ይህኛው ትንሽ ዕቃ ለያዘ ሰው ነው፤ የዛሬውን እኔ እጨርስልዎታለሁ፣ ለሚቀጥለው 4 ቁጥር ላይ ቢሰለፉ ልጅቷ ትረዳዎታለች» ብሎ በአክብሮት መንገር ያስኬዳል። «ልጄ፣ አንቺ ያለሽ ቅናሽ የለም?» ሲባል ግን መልሱ አንድ ነው፦ የሠራተኛ ቅናሽ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ለሚያውቁት ሰው አንዲት ዕቃ እንኳ ሳያነቡ ማሳለፍ ከሥራ ያስባርራል፤ ካሜራው የሚያየው መሳቢያውንና ስካነሩን ነው። ዘመድ ሲመጣ ሌላ መስመር ላይ እንዲሰለፍ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል።

ለሚሰለፉት ደግሞ የምንለምነው ጥቂት ነገር አለ። ካርድ ወይም ገንዘቡ ዕቃው ሲነበብ እጅ ላይ ይሁን፤ ቦርሳ መፈለግ የሚጀመረው ጠቅላላው ከተነገረ በኋላ ሲሆን መስመሩ ይቆማል። የራሳችሁን ቦርሳ ካመጣችሁ ከዕቃው በፊት ስጡን፤ በዲሲ ከ2010 ጀምሮ በአርሊንግተንና በፌርፋክስ ካውንቲ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ለፌስታል 5 ሳንቲም ስለሚከፈል ቁጥሩ ከክፍያ በፊት መመዝገብ አለበት። ስልክ ላይ ሆናችሁ አትምጡ። ስንጠይቃችሁ ስለማትሰሙን ሦስት ጊዜ እንጠይቃለን፣ የኋላው ሰው ደግሞ ቁጣውን እኛ ላይ ያራግፋል። የዋጋ ክርክር፣ ዕቃ መመለስ፣ ቼክና አንድ ጆንያ ሳንቲም ያለው ሰው የደንበኞች አገልግሎት ጠረጴዛ ቢሄድ ለራሱም ይቀለዋል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ሰከንድ የሚገኘው አትክልት ላይ ስለሆነ የአትክልት ኮዶችን በቃል መያዝ የመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ ነው። ኮዶቹ በአብዛኞቹ መደብሮች አንድ ዓይነት ናቸው፦ ሙዝ 4011፣ ቢጫው ሎሚ 4053፣ ላይም 4048፣ ነጭ ሽንኩርት 4608፣ ዝንጅብል 4612፣ ቀይ ሽንኩርት 4082፣ ኪያር 4062፣ ሮማ ቲማቲም 4087፣ ቃሪያ የምንለው ሃላፔኞ 4693፣ አረንጓዴው ደወል በርበሬ 4065፣ ቀዩ 4688፣ ትንሹ አቮካዶ 4046፣ ትልቁ 4225። ኦርጋኒክ ከሆነ ፊቱ ላይ 9 ይጨመራል፤ ኦርጋኒክ ሙዝ 94011 ይሆናል። በቀን አምስት አምስት ኮድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከስክሪኑ ጎን ለጥፉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን ትረሱታላችሁ። ከእኛ ቤት የመጣ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች ከድንብላልና ፓርስሊ ይጀምራሉ፤ ቅጠሉን አሽትታችሁ ለዩ። ሚዛኑ የሚያሳየው ፓውንድ ነው፣ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ይሆናል። ከመመዘናችሁ በፊት ስክሪኑ ዜሮ ማለቱን ተመልከቱ። የደንበኛ ቦርሳ ወይም የራሳችሁ ክንድ የሚዛኑን ጠርዝ ከነካ ክብደቱ ይዛባል፣ ደንበኛውም ያለ ዕዳው ይከፍላል።

ባርኮድ እምቢ ሲል አሥር ጊዜ አትሞክሩ። ሁለቴ ካለፈ በኋላ ከመስመሮቹ ሥር ያሉትን 12 ቁጥሮች ጻፉ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር በትንሹ ወደ ውጭ ወጥተው ስለሚጻፉ አዲስ ሰው አሥሩን ብቻ ጽፎ «አይገኝም» ይባላል። የቀዘቀዘ ዕቃ ላይ ያለውን በረዶ ጥረጉ፣ የተጨማደደውን ላስቲክ ወጥሩ። በ2 የሚጀምር ባርኮድ መደብሩ ራሱ የመዘነው ሥጋ ወይም አይብ ስለሆነ ዋጋው እዚያው ቁጥሩ ውስጥ ነው። አንድ ላይ የታሸጉ ጠርሙሶች ሁለት ባርኮድ ሊኖራቸው ይችላል፤ ውስጠኛው ከተነበበ የስድስቱ ዋጋ የአንዱ ይሆናል፣ ስለዚህ ውስጠኛውን በእጅ ሸፍኑ። በነገራችን ላይ ይህ ቴክኖሎጂ ሱፐርማርኬት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ጁን 26 1974 በትሮይ፣ ኦሃዮ ሲሆን፣ የተነበበው አንድ ፓኬት ማስቲካ ነበር። ዕቃ ሳይነበብ ሲቀር «ካልተነበበ ነጻ ነው ማለት ነዋ!» የሚል ቀልድ በቀን አሥር ጊዜ ትሰማላችሁ። ሰውየው ሊያቀራርብ ፈልጎ ነው፤ ፈገግ ብሎ ማለፍ ጉልበት ያተርፋል።

ክፍያ ላይ የሰው ክብር የሚነካበት ቦታ ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ለምግብ መግዣ በካርድ የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ለትኩስ የተዘጋጀ ምግብ፣ ለአልኮል፣ ለትምባሆ፣ ለቫይታሚን፣ ለሳሙና፣ ለሽንት ቤት ወረቀትና ለእንስሳት ምግብ አይሆንም። ሲስተሙ ራሱ ስለሚለይ እናንተ «ይህ አይፈቀድልዎትም» ብላችሁ አትናገሩ፤ ካርዱ ከተነበበ በኋላ የቀረውን ሒሳብ ብቻ ንገሩ። ደንበኛዋ ዊክም (ለነፍሰ ጡሮች፣ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ) ካላት ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ዊክ፣ ቀጥሎ ፉድ ስታምፕ፣ በመጨረሻ ጥሬ ገንዘብ ወይም የባንክ ካርድ ነው። ከተገላበጠ ዊክ ሊሸፍነው የሚገባውን ወተትና እንቁላል ፉድ ስታምፕ ይበላዋል፣ ሕፃን ያዘለች እናት የወሩን ምግቧን ታጣለች። ዊክ በብራንድና በመጠን ጥብቅ ስለሆነ ማሽኑ አንዱን ዕቃ ከመለሰ መጀመሪያ አውንሱን አንብቡ።

ማንኛውም ካርድ እምቢ ሲል ድምፅ ዝቅ አድርጎ «ማሽኑ አልተቀበለውም፣ ሌላ መንገድ እንሞክር?» ነው የሚባለው። ገንዘብ የለውም የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ፤ ምክንያቱን ማሽኑም አይነግራችሁም። ደንበኛው መኪና ሄዶ ሌላ ካርድ ማምጣት ካለበት ሒሳቡን የሚያቆየውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ዕቃውን ወደ ጎን አድርጉና የሚቀጥለውን አስተናግዱ። ፈጣን መስመር ላይ ከሁሉ የሚጠቅመው ቁልፍ ይህ ነው፣ በሥልጠና ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሳያሳዩ ያልፉታል። የት እንዳለ በመጀመሪያው ቀን አሳዩኝ በሉ።

ጥሬ ገንዘብ። ሌላ ሰው የቆጠረው መሳቢያ ላይ ሥራ አትጀምሩ፣ ራሳችሁ ቁጠሩ። ከደንበኛ የተቀበላችሁትን ብር መልሱ ተሰጥቶ እስኪያልቅ መሳቢያው አናት ላይ በአግድም አስቀምጡ፤ «50 ነው የሰጠሁሽ» የሚል ክርክር እዚያው ያልቃል። ስትቀበሉ «ከሃምሳ» ብላችሁ ጮክ በሉ። ሳንቲሞቹ አዲስ መጪን ያሳስታሉ፦ ዳይም ከኒክል ታንሳለች፣ ዋጋዋ ግን እጥፍ፣ 10 ሳንቲም ነው። ጥቅል ሳንቲም ስትከፍቱ ልኩን እወቁ፦ ኳርተር 40 ፍሬ 10 ዶላር፣ ዳይም 50 ፍሬ 5 ዶላር፣ ኒክል 40 ፍሬ 2 ዶላር። ባለ አንድ ሳንቲሟ ለገበያ መመረቷ በ2025 መጨረሻ ስለቆመ መደብራችሁ ሲያጣት ሒሳቡን ወዴት እንደሚያጠጋ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በራሳችሁ አታጠጉ።

አጭበርባሪ ፈጣን መስመርን የሚመርጠው ሰልፍ ስለሚያስጨንቃችሁ ነው። የተለመደው ዘዴ እንዲህ ነው፦ አንዲት ማስቲካ በ20 ዶላር ይገዛል፣ 18 ዶላር ከምናምን መልስ ከተሰጠው በኋላ «ዝርዝር አገኘሁ፣ ሃያዬን መልሺልኝ» ይላል፣ ገንዘቡ እጅ ላይ ሳለ ደግሞ «ቆይ፣ በአሥር ቀይሪልኝ» ብሎ ሁለቱን ልውውጥ ያደባልቃል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አንዱ ልውውጥ ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። መሳቢያውን ዝጉ፣ የመጥሪያውን መብራት አብርታችሁ ሱፐርቫይዘር ጥሩ። እውነተኛ ደንበኛ ይጠብቃል፣ ሌባው ይሄዳል። ሐሰተኛ ብርን ለመለየት በመፈተሻ ብዕር ብቻ አትተማመኑ። ብዕሩ የሚለየው ወረቀቱን ነው፣ የ5 ዶላር ኖት አጥበው 100 ያተሙበትን አይለይም። ብርሃን ላይ አንሱትና ወረቀቱ ውስጥ ባለው ቀጭን ክር ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ የመቶው ክር «ዩኤስኤ 100» ይላል፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሮዝ ያበራል፤ የሃያው አረንጓዴ፣ የአምስቱ ሰማያዊ ነው።

ከዚህ የከፋው አዛውንት ስልክ ጆሮአቸው ላይ አድርገው የ500 ዶላር የስጦታ ካርድ ሲያነሱ ነው። የትኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕዳን በስጦታ ካርድ አይሰበስብም። «ጋሼ፣ ይህን ግዙ ያለዎት ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሱፐርቫይዘር ጥሩ፣ ሰልፉ ቢያጉረመርምም አትቸኩሉ። ካርዱ ተከፍቶ ቁጥሩ በስልክ ከተነበበ በኋላ ገንዘቡን ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ቢራና ወይን በሚሸጡት መደብሮች መታወቂያ ላይ የእኛ ሰው የሚሳሳትበት የራሱ ቦታ አለ። እዚህ አገር ወር ከቀን ይቀድማል፤ 03/04 ማርች 4 ነው። የውጭ ፓስፖርት ላይ ግን ቀኑ ሊቀድም ይችላል። የአልኮልም የትምባሆም ዕድሜ 21 ነው፤ ትምባሆ ላይ ከ2024 ጀምሮ ከ30 ዓመት በታች የሚመስለውን ሁሉ መጠየቅ የፌዴራል ግዴታ ሆኗል። ጊዜው ያለፈበት መታወቂያና የስልክ ፎቶ አትቀበሉ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ የሺፍት ወረቀት ላይ 7 የሚለው የጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንብቦ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ የመጣ ሰው ሥራውን አጥቷል።

ሰው ሲሰድብ የሚያመው ስድቡ ብቻ አይደለም፣ ቀጥሎ ላለው ሰው ወዲያው ፈገግ ማለት መኖሩ ነው። በአገሩ መምህር ወይም ነርስ የነበረ ሰው «የምትይው አይገባኝም» ሲባል ሆድ ይብሰዋል። የሚረዱን ሦስት ነገሮች ናቸው። የዋጋ ቁጣ ሲመጣ «እሱን ለማናጀሩ አደርስልዎታለሁ» ብሎ ከራስ ላይ ማንሳት፤ ቃል ሲጋነን የመጥሪያውን መብራት አብርቶ ሱፐርቫይዘር መጥራት፤ ዛቻ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ቀንና ሰዓቱን ጽፎ ማስቀመጥ። ዘረፋ ሲመጣ ገንዘቡን ስጡ፣ የሚሮጥ ሌባ አትከተሉ።

ለሰውነታችሁ፦ ዕቃውን አታንሱ፣ አንሸራቱ። የእጅ አንጓ ሳይታጠፍ በሁለቱም እጅ እየተቀያየራችሁ ሥሩ። ከባድ የውሻ ምግብና የውሃ ካርቶን ጋሪ ላይ እንዳለ በእጅ ስካነር ይነበብ፤ የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2004 ለሱፐርማርኬቶች ባወጣው መመሪያም የተመከረ ነው፣ ማናጀር ከተቃወመ ይህን ጥቀሱ። የሚቆሙበት ለስላሳ ምንጣፍ ከሌለ ጠይቁ፣ አንዱን እግር ዝቅ ባለ ነገር ላይ እያፈራረቃችሁ አሳርፉ። ሽንት ቤት ሲያስፈልግ ከመጨነቃችሁ አሥር ደቂቃ በፊት ጥሩ፤ ተተኪ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል። የፌዴራል ሕግ ለአዋቂ ዕረፍት አያስገድድም። ሜሪላንድ ውስጥ ግን 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው የችርቻሮ ድርጅት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ለሠራ 15 ደቂቃ፣ ከ6 ሰዓት በላይ ለሠራ 30 ደቂቃ ይገባዋል።

መሳቢያ ሲጎድል ልዩነቱ ምክንያቱን ይጠቁማል። ልክ 10 ዶላር ከሆነ በአሥር ፈንታ ሃያ ሰጥታችኋል ወይም አንድ ጥቅል ኳርተር ሳይቆጠር ቀርቷል። ለ9 የሚካፈል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ተገላብጦ ተጽፏል፤ 54 በ45 ቦታ። መትረፍም እንደ መጉደል ነው፣ አንድ ደንበኛ መልሱን ሳይወስድ ሄዷል ማለት ነው። ጉድለቱን ከደመወዝ መቁረጥ ክፍያችሁን ከፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ከሰዓት 7.25 ዶላር በታች ካወረደ ሕገ ወጥ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት መደብር፣ ለምሳሌ በዚህ አካባቢ በምግብና ንግድ ሠራተኞች ማኅበር (ዩኤፍሲደብሊው) ሎካል 400 ሥር የምትሠሩ፣ ለምርመራ ቢሮ ስትጠሩ «የማኅበሩ ተወካይ ይጠራልኝ» የማለት መብት አላችሁ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ያጸናው ነው። መብቱ ግን የሚሠራው እናንተ ከጠየቃችሁ ብቻ ነው።

መስመር ስትዘጉ ከሺፍቱ ማብቂያ አሥር ደቂቃ በፊት የመስመሩን መብራት አጥፉ፣ «ተዘግቷል» የሚለውን ሰሌዳ ከመጨረሻው ደንበኛ ዕቃ ኋላ አስቀምጡ፣ ለእሱም «ከእርስዎ በኋላ የሚመጣ ካለ ይንገሩልኝ» በሉት። ይህ ካልተደረገ ሰልፉ ማለቂያ የለውም።